ሃያ ሰባት ቁጥር ሹራብ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ከሰው ጋር ያወራሁት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቁጥር ነው። ቁጥር ስላችሁ ፊታችሁ አይጠውልግ፤ እኔም ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሴት ነኝ፣ ከመደመርና ከመቀነስ ብዙም አላልፍ። ግን በዚያችው በምችላት ሰው በድያለሁ። እሱን ነው የምነግራችሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪምም ነርስም አይደለሁም። የነርስ ረዳት ነበርኩ፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ገላ ማጠብ፣ ማብላት፣ የተጣላ ማስታረቅ። ክፍላችን ግቢው መጨረሻ ላይ ነው፣ በሩ ሰማያዊ፣ አልጋው አሥራ ስምንት። የሚተኙት ወንዶች ናቸው። ነገር ለመያዝ ከሌላው ሰው ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልጉ አሉ፣ ሐኪሞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚሉት፤ ኦቲዝም ያለባቸውም አሉ። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ አልታመሙም። ትኩሳት የላቸው፣ ቁስል የላቸው። እናት ሞታ፣ ጎረቤት ተማሮ፣ ቤት ጠብቦ፣ «ለጊዜው» ተብለው የመጡ ናቸው። ለጊዜው የሚሉት ነገር ምን ያህል እንደሚረዝም ያየሁት እዚያ ነው።

በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ የሚሞላ አንድ ቅጽ አለ። በወሩ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተኝቶ አለ፣ ያለውስ ከገባ ስንት ጊዜው ነው። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞላሁት። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ፤ ሰባት ቁጥርን አንገቷን ቀና አድርጌ፣ ስምንትን ወገቧን አጥብቄ። ዋናዋ ሲስተር «የእትዬን ቅጽ አይቶ የሚጣላ ሰው የለም» ትል ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የክፍላችን ግድግዳ እርጥበት ያፈልቃል። ስለዚህ በየዓመቱ ዝናብ ሲያባራ ቀለም ይቀባል። ያን ጊዜ አሥራ ሰባቱንም ሰው ከነፍራሹ ማዶ ወዳለው አዳራሽ እናሻግርና ሦስት ሳምንት እንከርማለን። አዳራሹ የታካሚ ክፍል ተብሎ ስላልተመዘገበ፣ እዚያ ያለን ሰው የሚቆጥረው የለም። ወደ ክፍላችን ስንመለስ ግን ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ካርድ ይከፈታል። የቀድሞው የመዝገብ ቤት ሹም ያወጡት ሕግ ነው፤ «ክፍል የገባ ሰው ካርድ ያስፈልገዋል» ነበር ቃላቸው። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሕጉ ግን አልሞተም። እኔም «የገባበት ቀን» በሚለው መስመር ላይ ከአዳራሽ የተመለስንበትን ቀን እጽፋለሁ። አሮጌው ካርድ፣ ከነሐኪሞቹ ማስታወሻ፣ ተጠፍሮ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ክፉ አስቤ አልነበረም። እንዲያውም ምንም አላሰብኩም፤ ጥፋቴም እሱ ነው።

በስድስተኛው ዓመት ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። «በዚህ ክፍል ከአንድ ዓመት በላይ ተኝቶ የቆየ ታካሚ ስለሌለ ለሌሎች አርአያ ነው» ይላል። የምስጋና ወረቀቱ መስታወት ገብቶለት በሩ አጠገብ ተሰቀለ። ኬክ ተቆረሰ። እዚያ ከሚተኙት ለአንዱ፣ ለቀስዬ፣ ቁራሹን የሰጠሁት እኔው ነኝ። ያን ቀን ቀስዬ እዚያ ክፍል ከገባ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፣ ያመጡት ቀን በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ግን በጭንቅላቴ ያለው ቀስዬና በቅጹ ላይ ያለው ቀስዬ አንድ ሰው መሆናቸው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይኸው ነው።

ቀስዬ ማለት፣ ይቺን ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ድምፅ ሲበዛበት ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ደፍኖ «ቀስ! ቀስ!» ይላል። የበሩ ደወል ሲጮኽ ቀስ። ሰሃን ሲንኳኳ ቀስ። አንድ ጊዜ የሆስፒታሉ ኃላፊ በዓመታዊ ጉብኝታቸው ክፍላችን መጥተው ረጅም ንግግር ሲያደርጉ፣ ከኋላ ሆኖ «ቀስ!» አላቸው። ንግግሩ አጠረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በልቡ መርቆታል።

ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ ትከሻውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ የሚሄድ። ሲመጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ በሞተች በሳምንቱ፣ ቤቱ በሰው ሲሞላበትና ሁሉም ሲያለቅስበት፣ ራሱን ከግድግዳ እያጋጨ አስቸገረ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ያኔ ገና ወጣት። ይዛው መጣች። ሐኪሙ «ሁለት ሳምንት ይረፍ፣ ከዚያ ትወስጂዋለሽ» አላት። ቀስዬ ሰማ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን «የሚከታተለው ሰው ቤት ውስጥ ሳይኖር አይለቀቅም» ተባለ። እሷ ብቻዋን ናት፣ ካልሰፋች አትበላም። እንዲህ እንዲያ ሲሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

በየእሑዱ ትመጣለች። አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም ብል እዋሻለሁ፣ ሁለቴ ቀርታለች፣ አንዴ ታማ፣ አንዴ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶ። ልብሱን ሁሉ የምትሰፋለት ራሷ ናት። አንገቱን የሚነካው ነገር አይወድም፤ አንዲት ክር እንኳ ብትኮሰኩሰው ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ይቀመጣል። ስለዚህ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ገላው ላይ ልስልሱ እንዲያርፍ ትሰፋለታለች። የማያውቅ ሰው ልብሱን ገልብጦ የለበሰ ይመስለዋል። እሷ ልትሄድ ስትነሣ እጅጌዋን ይይዝና «ሁለት ሳምንት?» ይላታል። «አዎ ወንድምዓለም፣ ሁለት ሳምንት» ትለዋለች። ይለቃታል። ውጭ ወጥታ በሩ እስኪዘጋ ትጠብቅና ታለቅሳለች። አሥራ አንድ ዓመት፣ እሑድ እሑድ።

አንድ እሑድ ታዲያ እየሮጠች መጣች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሳይወርድ፣

«እትዬ! ሰሙልኝ?» አለችኝ።

«ምኑን ልጄ? ተቀመጪ፣ ትንፋሽሽ ይመለስ።»

«ቤቱን! እኛ ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ብቻ ተሻግሮ። ስድስት ክፍል ያለው ቤት ከፍተዋል። እንደ ወንድምዓለም ላሉ ሰዎች ነው አሉ። ሌትም ቀንም ሰው አብሯቸው ያድራል፣ እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው። ሄጄ አየሁት እኮ! በሩ ደወል የለውም።»

«ደወል የለውም?»

«በእጅ ነው የሚንኳኳው። ቀስ ተብሎ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

«ማን ነው የሚገባው ታዲያ?»

«ከአምስት ዓመት በላይ ሆስፒታል የተኛ፣ ቅርብ ቤተሰብ ያለው። አራቱ ክፍል ከሌላ ሆስፒታል በመጡ ሰዎች ተይዟል፣ ሁለቱ ባዶ ነው። ስሙ የሚወጣው ከየሆስፒታሉ ቅጽ ነው አሉ፣ ሐሙስ ይዘጋል። እትዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከአምስት አይበልጥም?»

«በልጦ፣ ተርፎ፣ ሞልቶ ይፈሳል» አልኳት።

ያን ቀን ቀስዬ «ሁለት ሳምንት?» ሲላት፣ «ምናልባት እውነት ይሆናል ወንድምዓለም» አለችው። ሰውየው ግራ ገባው፤ መልሱ ተለውጦበታል። እስክትደግምለት እጅጌዋን አልለቀቃትም።

ሰኞ ጠዋት ዋናዋ ሲስተር ጋ ገባሁ። ለአዲሱ ቤት ከቅጹ የወጣው የስም ዝርዝር ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

«ሲስተርዬ፣ ከእኛ ማን ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ እትዬ።»

«ማንም ስትይ? ቀስዬስ?»

«እኔም ገርሞኝ ስልክ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ቀስዬ ሰባት ወሩ ነው ይላሉ።»

«የምን ሰባት ወር? ማን የለካው ሰባት ወር?»

የባለፈውን ወር ቅጽ ከመሳቢያ አውጥታ ወደ እኔ አዞረችው። «እርስዎ ነዎት የለኩት» አለችኝ፣ በቀስታ።

አየሁት። የእኔው ሰባት፣ አንገቷን ቀና ያደረገች። ከዚያ በላይ የምትሳደብ ሰባት አላየሁም።

የዚያን ቀን ሥራ እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ቀስዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎጣ ያጥፍ ነበር፤ ሥራው ነው፣ አሥራ ሰባት ፎጣ፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ምን አደረግኩህ ልጄ» አልኩት። ፎጣ ሰጠኝ፣ እንዳግዘው። ያጠፍኩት ስላላማረው ቀምቶ እንደገና አጠፈው።

ማክሰኞ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ከበላይ መሥሪያ ቤት ናት፣ የሆስፒታሎችን ቁጥር የምታጠናቅር። እኛ ባለ ቁጥሯ አልናት። መነጽሯ ፊቷን የሚበልጥ፣ ቦርሳዋ እሷን የሚበልጥ ልጅ ናት። ሲስተር ወደ እኔ ላከቻት።

«እማማ፣ የዚህ ክፍል ቅጽ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ልታስሪኝ መጣሽ?»

«ኧረ! አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እኛ ቅጹን ወር በወር ነው የምናየው፤ ወር በወር ሲያዩት ንጹሕ ነው። ባለፈው ሳምንት የአዲሱን ቤት ነገር ስሠራ ግን ዘጠኙን ዓመት አንድ ላይ ደመርኩት። መጀመሪያ ላይ አሥራ ሰባት ሰው ነበራችሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሰው ገባ ይላል። የወጣው ስድስት ነው። ዛሬ ስንት ሰው መኖር አለበት?»

በጣቴም በልቤም ደመርኩ። «መቶ ሰባ» አልኳት።

«ስንት አለ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ታዲያ መቶ ሃምሳ ሦስቱን ሰው የት ደበቋቸው፣ እማማ?» አለችና ሳቀች። ቀልዷን ነው። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፣ ሳቁ ግን እዚያው ደረቀ። ባለ ቁጥሯ ወረቀቷ ላይ አጎንብሳ ነበር፤ «የሚገርመው ደግሞ» አለች፣ «መቶ ሃምሳ ሦስት ለአሥራ ሰባት ሲካፈል ልክ ዘጠኝ ይመጣል። ምንም ሳይተርፍ።»

«ዘጠኝ ጊዜ ቀለም ተቀብቷል» አልኳት።

«ምን?»

«ሰው ሳይወጣ ሁለቴ ይገባል ወይ ብለሽ ነው የመጣሽው አይደል? እዚህ ቤት ይገባል። በቀለም ይገባል።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አዳራሹን፣ አዲሱን ካርድ፣ የሟቹን ሹም ሕግ፣ የምስጋናውን ወረቀት፣ ኬኩን ሳይቀር። ስጨርስ መነጽሯን አውልቃ ታብሰው ጀመር። መነጽሩ አልቆሸሸም ነበር።

«እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ» አለች። «ግን የእርስዎ ቃል ብቻ አይበቃም። ሰውየው በገባበት ቀን የተጻፈ ወረቀት እፈልጋለሁ። እስከ ሐሙስ።»

ምድር ቤት ወረድን። ካርዶቹ የሉም። ከአራት ዓመት በፊት ቧንቧ ፈንድቶ፣ የተጠፈረው ሁሉ ገንፎ ሆኖ፣ በአካፋ ተዝቆ ወጥቷል። እህቱ ዘንድ ደወልኩ። «የመግቢያውን ወረቀት መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀበሉኝ፣ እኔ ጋ የቀረ ነገር የለም» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነና፣ «እትዬ፣ ታዲያ ወንድሜ የት ነበር ማለት ነው እስከ ዛሬ?» አለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ረቡዕ ጠዋት ንጹሕ አንሶላ ለመቀበል ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄድኩ። እዚያ ያለውን ሰውዬ አረፋው ነው የምንለው፤ ሃያ ዓመት ሳሙና ውስጥ ኖሮ ምላሱ ግን አልታጠበም።

«እትዬ! ፊትሽ ሳይተኮስ የመጣሽው ምን ሆነሽ ነው? ወይስ የምስጋና ወረቀቱ ቆሽሾ ልታሳጥቢ ነው?»

«ተወኝ አረፋው፣ ዛሬ ቀልድ አልችልም።»

«እንግዲያው ነገሩ ከባድ ነው። ይህን ያዢ» ብሎ የታጠፈ ልብስ አሸከመኝ። ከላይ ያለው የቀስዬ ሹራብ ነበር፣ ስፌቱ ወደ ውጭ። ጫፉ ላይ፣ ከወገብ በታች፣ በአረንጓዴ ክር ሃያ ሰባት ተብሎ ተጠልፏል። መቶ ጊዜ ያየሁት ቁጥር ነው። የሌላው ሰው ሁሉ ቁጥር አንገት ላይ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የእሱ ብቻ ጫፍ ላይ ነው፣ አንገቱን እንዳይኮሰኩሰው።

«አረፋው፣ ይህ ቁጥር የተሰጠው መቼ ነው?»

«ሰውየው በገባ ቀን ነዋ። መቼ ሊሰጥ ነበር?»

«ቀለም ስንቀባ አይቀየርም?»

«ምን ቆርጦኝ?» አለ ተቆጥቶ። «የአሥራ ሰባት ሰው አንገት በየዓመቱ ልፋቅ? የእናንተ ካርድ ቢቀየር ልብሱ ምን አገባው? ቁጥር የሚለቀው ሰው ሲወጣ ወይ ሲሞት ነው። እኔ ዘንድ ሁለቴ የገባ ሰው የለም።»

«ይህን የጻፍክበት ነገር አለ?»

ከሳሙናው መደርደሪያ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር አወጣ። ሽፋኑ በውኃ አብጧል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው። በገጹ ላይ ቁጥር፣ የሰውየው ስም፣ ልብሱ የመጣበት ቀን፣ ስንት ሱሪ፣ ስንት ሸሚዝ፣ ያስረከበው ዘመድ ፊርማ። ሃያ ሰባትን ፈለግን። ከአሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት። «ሹራብ ሁለት፣ ሱሪ ሁለት፣ ብርድ ልብስ አንድ።» ከጎኑ የአረፋው ጽሕፈት፦ «አንገት ላይ አይሆንም ብላ እህቱ ለመነችኝ፤ ጫፍ ላይ ራሷ ጠለፈች።» ከዚያ ፊርማዋ። ያኔ ገና ወጣት ነበረች፣ ፊርማዋም ወጣት ነው።

እዚያው ሳሙና ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አረፋው ደነገጠ። «እትዬ፣ ምነው? ስንት ዓመት ሙሉ ደብተሬን ዞር ብሎ ያየው የለም፣ ዛሬ ያለቀሰለት ተገኘ!» አለ። ከዚያ ንጹሕ ፎጣ አቀበለኝ።

ደብተሩን ይዤ ዋናዋ ሲስተር ጋ ገባሁ። ባለ ቁጥሯም እዚያ ነበረች። አንድ በአንድ አገላበጡት፣ አሥራ ሰባቱንም ሰው። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አንዱ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ነበሩ። አለቃ የምንለው ሽማግሌ፣ ምግብ ሲቀርብ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያዘው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲስተር እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቀረች።

ባለ ቁጥሯ አንድ ወረቀት ጻፈች። ዘጠኝ ዓመት የተሞላው ቅጽ ስሕተት እንደሆነ፣ ትክክለኛው ቀን ከልብስ ማጠቢያው ደብተር የተወሰደ እንደሆነ ይላል። ቅጹን የሞላው ሰው መፈረም አለበት።

«እትዬ፣ ቆይ» አለችኝ ሲስተር። «ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ነው የቀረዎት። ይህን ከፈረሙ ዘጠኝ ዓመት ተሳስቼ ነበር ማለትዎ ነው።»

«ተሳስቼ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን በሥራ ማኅደርዎ ውስጥ ይገባል። ክፍሉም ከአገር ሁሉ ጥሩ ከመባል ከአገር ሁሉ መጥፎ ሊባል ነው። የምስጋናው ወረቀት ይነሣል። እኔም እጠየቃለሁ። ሌላ መንገድ እንፈልግ፣ ቀስ ብለን...»

«ሲስተርዬ» አልኳት፣ «ቀስ የሚለው ቃል የእሱ ነው፣ እኛ አንውሰድበት። ነገ ይዘጋል። እኔ ሰባት ብዬ የጻፍኩትን ካልሰረዝኩ፣ ያቺ ልጅ እሑድ መጥታ ሁለት ሳምንት ስትለው፣ የምትዋሸው እሷ ናት ወይስ እኔ?»

ሲስተር ክፉ ሴት አይደለችም። ስንት ሌሊት አብረን ያነጋን ሰው ናት። ከደረት ኪሷ የራሷን እስክሪብቶ አውጥታ አቀበለችኝ። እኔ ስፈርም፣ እሷም ከሥር «አይቼዋለሁ» ብላ ፈረመች። ያን ሳትገደድ ነው ያደረገችው። አረፋውም ይፈርም ተባለ፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ሠርግ ውል አድርጎ ፈረመ።

ስወጣ የምስጋናውን ወረቀት ከሚስማሩ አወረድኩት። ማንም አላዘዘኝም። ግድግዳው ላይ ከሌላው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ቀስዬ መጥቶ በጣቱ ዙሪያውን ለካው። «መስታወቱን ለእኔ ስጪኝ፣ የእናቴን ፎቶ አገባበታለሁ» አለ አረፋው። ሰጠሁት።

ሐሙስ ዋለ። ዓርብ ዋለ። እሑድ እህቱ መጣች፣ እኔም ጥፋቴን ከነዝርዝሩ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሹራቡን ጫፉን ይዛ አረንጓዴውን ክር ስታሻሸው ቆየችና፣ «ያን ቀን ክር አልነበረኝም፣ ከመጋረጃ ነው የመዘዝኩት» አለችኝ። ልትሄድ ስትል ሳመችኝ።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። ሁለቱ ባዶ ክፍል ለአለቃና ለቀስዬ ተሰጠ። የእኔም ነገር በማኅደሬ ገባ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። አስቀምጬዋለሁ፣ ከምስጋናው ይልቅ ይህኛው የእኔ ነው።

ሁለቱ የሄዱበት ቀን የወሩ መጀመሪያ ሰኞ ነበርና ቅጹን ሞላሁ። «የወጣ» በሚለው ሥር ሁለት ብዬ ጻፍኩ። «የቆይታ ጊዜ» በሚለው ላይ ለቀስዬ አሥራ አንድ ዓመት ከአምስት ወር። መስመሩ ጠባብ ነበርና ጽሕፈቴ አላማረም። ቅጹ ላይ አሁን አንድ አዲስ ዓምድ ጨምረዋል፣ «መጀመሪያ ሆስፒታል የገባበት ቀን» የሚል። ባለ ቁጥሯ ናት ያስጨመረችው። ቀለሙም አሁን የሚቀባው ወደ አዳራሽ ሳንሄድ፣ በየተራ ጥግ ጥጉ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። በእጄ ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። አለቃ ከፈተልኝና የት እንደምቀመጥ አዘዘኝ። የቀስዬ ክፍል መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። ጥጉ ላይ ከእናታቸው የቀረ የእህቱ አሮጌ የስፌት መኪና ተቀምጧል፤ እሑድ እሑድ እዚያ ሆና ትሰፋለች። ልጅ ሆኖ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነው ያደገው አሉ፤ የእሱን ድምፅ ቀስ አይለውም። ፎጣ አጥፈን አብረን ተቀመጥን፤ አሁንም ያጠፍኩትን እንደገና ያጥፋል።

ልሄድ ስነሣ እጅጌዬን ያዘኝ።

«ሁለት ሳምንት?» አለኝ።

መሄድ ፈልጎ መሰለኝ፣ ያቺ ድሮ የለመደባት ጥያቄ መሰለችኝ። እህቱን አየኋት። ፈገግ ብላ፣ «አይ እትዬ፣ እሱማ የትም አይሄድም» አለችኝ። «እርስዎ መቼ እንደሚመለሱ ነው የሚጠይቅዎት።»

«አዎ ልጄ» አልኩት፣ «ሁለት ሳምንት።» ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ቃሌን ማጠፍ አልችልም፤ ይቆጥራል።

አሥራ አንድ ነበሩ አልኳችሁ አይደል? ሁለቱ ወጡ። ዘጠኙ አሁንም ሰማያዊው በር ውስጥ ናቸው። ሌላ ቤት ይታሰባል ተብሏል፣ ባለ ቁጥሯም በየወሩ እየደወለች ትጠይቃለች። እኔ አርጅቻለሁ፣ ነገም ልረሳ እችላለሁ። እናንተ ግን ወጣት ናችሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ፣ «በዚህ ቤት እንዲህ ያህል ሰው አለ» ብሎ ሲያነብላችሁ፣ እባካችሁ «ከመቼ ጀምሮ?» በሉልኝ። ይቺን ብቻ። ዘጠኙንም አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።